ዝምታ መልስ አይደለም



የኪነ ጥበባት ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን የምንጽፈው ጽሑፍ በመረብ ተጉዞ ከሩቅ ማኅደር የሚቀመጥ ከሆነ፣ መልእክቱ መንገድ ላይ ሲቀር ማን ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

የታች ጋይንቷን አርብ ገበያ እንውሰድ። አንድ ሰው በገበያተኛ እጅ ለወንድሙ ደብዳቤ ልኮ መልስ ቢያጣ፣ ወይ ደብዳቤው ጠፍቷል፤ ወይ ወንድሙ ቤት አልነበረም፤ ወይም ጉዳዩ ተፈጽሞ የጠፋው መልሱ ብቻ ነው። ላኪው ባለበት ሆኖ ሦስቱን ሊለይ አይችልም። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤን ኤፍ ኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓትም ችግሩ ይኸው ነው።

መፍትሔው ደግሞ መጠየቅ ነው። በሊኑክስ፣ በቲ ሲ ፒ ሲሠራ፣ ጠያቂው ኮምፒዩተር እንደ ልማዱ 60 ሴኮንድ ጠብቆ ይደግማል፤ በየድግግሞሹም ጊዜውን ያረዝማል። «ሶፍት» በሚባለው አሠራር ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ስሕተት ነው ብሎ ይተዋል፤ «ሀርድ» በሚባለው ግን ሰርቨሩ እስኪመልስ ድረስ አይተውም። ብዙዎች ሀርድ ማሽኑን ያደርቀዋል ብለው ያማርራሉ። እኔ ግን ለሚጻፍ ነገር ሀርድ ይሻላል እላለሁ። በሶፍት ጊዜ ስሕተቱ ፋይሉ ሲዘጋ ብቻ ሊታወቅ ይችላል፤ ፕሮግራሙም ያን ካላዳመጠ ተማሪው ያልተቀመጠውን ተቀምጧል ብሎ ይተኛል። የሊኑክስ መምሪያ ራሱ ሶፍት መረጃን በዝምታ ሊያበላሽ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

መድገምም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። «ጤፍ ስንት ዋለ?» ብሎ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ጉዳት የለውም፤ «ከጎተራዬ አንድ ኩንታል ስጥልኝ» የሚለው ቢደገም ግን ጎተራ ያራቁታል። ስለዚህ መልእክቱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሰርቨሩም የሰጠውን መልስ ይዞ ይቆያል። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ደንቡ የወጣው 4.1ኛው ዕትም ይህን አጽንቶ፣ አንድ ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲፈጸም አድርጓል።

ይሁን እንጂ የማሽን ትዕግሥት ሁሉን አይፈታም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ የትኛውም ድግግሞሽ ያን ገደል አይሻገርም ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ ከጋይንት ወይም ከስማዳ ጽሑፉ ያልደረሰለትን ተማሪ «አላቀረበም» ብሎ መመዝገብ፣ የመንገዱን ዝምታ በሰውየው ላይ መፍረድ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቅ። ማሽኑ «ደርሷል» የሚለው በእርግጥ ሲደርስ ብቻ ይሁን፤ ቢሮውም ከመፍረዱ በፊት እንደ ደኅና መልእክተኛ አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠይቅ።