አፓርትመንቱ ይሠራ

በሜሪላንዷ ኮሎምቢያ፣ ኦክላንድ ሚልስ በሚባለው መንደር ታውንሃውስ ገዝቼ የምኖር ሰው ነኝ። የመንደራችን ማዕከል ፈርሶ በአዲስ መልክ ይገንባ፣ ከሱቆቹ በላይም አፓርትመንት ይሠራ ከሚሉት ወገን ነኝ። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት የማውቃቸው ሐበሻ ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ከወዲያኛው ወገን ስለቆሙ ነው።

ምክንያታቸው «የቤታችን ዋጋ ይወርዳል» የሚል ነው። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሴክሽን ኤይት ይሞሉበታል» ይላሉ፤ በመንግሥት የኪራይ ድጎማ የሚኖሩትን ማለታቸው ነው። እንዲህ ከሚሉት አንዱ ሚስቱን ከአዲስ አበባ እስኪያመጣ ድረስ እዚሁ ሰፈር፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ባለ አንድ መኝታ ኪራይ ቤት ተጣብቦ የኖረ ነው። ሞርጌጁን በፈረመ ማግሥት ተከራይ ማየት አስጠላው።

መንደሩ እንዴት እንደመጣ ቢያውቅ ግን እንዲህ ባላለ ነበር። ጄምስ ራውስ የሚባል የገበያ ማዕከል ገንቢ እ.ኤ.አ. በ1963 በሃዋርድ ካውንቲ ወደ 14 ሺህ ኤከር የሚጠጋ፣ አብዛኛው የእርሻ የሆነ መሬት ማንነቱን ሸሽጎ ገዛ። ገንዘቡ የመጣው ኮኔቲከት ጄኔራል ከተባለ የኢንሹራንስ ኩባንያ ነው፤ የመጀመሪያው መንደር ዋይልድ ሌክም ስሙን ያገኘው ከኩባንያው ሊቀመንበር ነው። (አበዳሪውን በሐይቅ ያመሰገነ ሌላ ሰው አላውቅም።) ከተማዋ በ1967 ተከፈተች። በቆዳ ቀለም ምክንያት ቤት መከልከልን የሚያግደው የፌዴራል ሕግ የወጣው በዓመቱ ቢሆንም፣ ራውስ ሕጉን ሳይጠብቅ ለጥቁሩም ለነጩም ሸጠ፣ አከራየ።

ኮሎምቢያ ዛሬ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል፤ ሆኖም ከንቲባ የላትም። 10 መንደሮች ናቸው ከተማ ያሰኟት። እያንዳንዱ መንደር መሀሉ ላይ ሱፐርማርኬት፣ ጥቂት ሱቆችና መሰብሰቢያ አዳራሽ እንዲኖረው ነበር ሐሳቡ። በእኛ መንደር አዳራሹ ከድሮው እርሻ የቀረ ጎተራ ነው፤ ከዚያው አካባቢ የተለያዩ ሃይማኖቶች አንድ ጣሪያ የሚጋሩበት የጸሎት ቤት አለ። የፖስታ ሳጥን እንኳ በየደጃፉ መሆኑ ቀርቶ በአንድ ቦታ የተደረደረው ጎረቤት ከጎረቤት እንዲገናኝ ታስቦ ነው። ግቢ ያለው ቤት፣ ታውንሃውስና አፓርትመንት በአንድ መንደር ተቀላቅለው ተሠሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም የቤተ እምነቶች ማኅበር በመንግሥት ድጎማ የኪራይ ቤቶች አሠርቶ በተለያየ ቦታ አሰባጠራቸው። ስለዚህ ገቢው ዝቅ ያለው ሰው አዲስ መጤ ተደርጎ ሲወራ ይገርመኛል፤ እሱ እዚህ ከኛ በፊት ነበረ።

ማዕከሉን ያዳከመው መኪናችን ነው። ዕቅዱ የተነደፈው ሰው በእግሩ መጥቶ ከአንድ መካከለኛ ሱፐርማርኬት እንዲሸምት ነበር። ኋላ በዶቢን ሮድና በስኖደን ሪቨር ፓርክዌይ ግዙፍ መደብሮች ተከፈቱ። እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሞላው የኮስኮን ጋሪ ነው። የዋይልድ ሌክ ሱፐርማርኬት በ2006 ሲዘጋ ማዕከሉ ለዓመታት ጭር ብሎ ቀረ። እንደገና ነፍስ የዘራው አፓርትመንት ሲሠራበትና ደረጃ ወርዶ ዳቦ የሚገዛ ሰው ሲመጣ ነው። የእኛ ማዕከል ፉድ ላየን የተባለው ሱፐርማርኬትና የበረዶ መንሸራተቻው ስላሉ እንጂ ከዚያ እጣ የራቀ አይደለም። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የመኪና ማቆሚያውን ብታዩት ኳስ ያጫውታል።

ትምህርት ቤት ይጨናነቃል ለሚሉት መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽም፤ ስጋታቸው እውነተኛ ነው። ካውንቲው ከገንቢዎች የሚሰበስበውን የትምህርት ቤት ክፍያ ለምን እንዳዋለው በየስብሰባው መጠየቅ አለበት። ግን ለመጠየቅ መገኘት ይቀድማል።

አንገኝም። ለከተማዋ ነዋሪዎች ማኅበር (ለአሶሴሽኑ) በቤታችን ግምት ግማሽ ላይ ከየ100 ዶላሩ 68 ሳንቲም እንከፍላለን፤ 400 ሺህ ዶላር የተገመተ ቤት ያለው በዓመት 1,360 ዶላር ማለት ነው። ክፍያው በዛ እያልን በየለቅሶ ቤቱ እናማርራለን። ለእድር ስብሰባ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ እንነዳለን፤ ሚያዝያ ላይ የመንደሩ ቦርድ ሲመረጥ ግን በእግር የሚደረስበት አዳራሽ ይርቀናል። ግንባታን የሚፈቅደው ካውንቲው ቢሆንም የቦርዱ ቃል ይሰማል፤ አሁን ቃሉን የሚሰጡት አዘውትረው የሚመጡት ጥቂት ጡረተኞች ናቸው። በጎነታቸውን አልክድም፤ ነገር ግን ልጅ አቅፎ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ምን ዓይነት ቤት እንደሚቸግረው ያውቃሉ ተብሎ ከነሱ አይጠበቅም።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ አፓርትመንቱ ሁሉ ለነጠላ ሰው የሚሆን ስቱዲዮ እንዳይሆን፣ አያት መጥታ ወራት የምትቆይበት ባለ ሦስት መኝታም ይኑረው። ከምድር ቤቱ ሱቆች ጥቂቶቹ ባነሰ ኪራይ ለጀማሪ ነጋዴ ይሰጡ፤ ዛሬ በምድር ቤቷ እንጀራ ጋግራ በመኪናዋ የምታድል ሴት ፈቃድ አውጥታ ልትከፍተው የምትችል ሱቅ ማለቴ ነው። ግንባታው ሲካሄድ ፉድ ላየን እንዳይዘጋ ቀድሞ ይፈረም፤ መኪና የሌላቸው አዛውንቶች ወተትና መድኃኒት ለመግዛት አውቶቡስ ይጠብቁ ማለት አይቻልም።