ካዎው ይወለዳል፣ ሃላቃው ይመረጣል

ሰሞኑን ሲቀላ አንድ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን ስለ ስታር ዋርስ ስንጨቃጨቅ አንዱ ጓደኛችን ነገሩን ወደ አገር ቤት አመጣው። «ምርጫ የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ባህል ዘውድ ነው። የ2007ቱን ምርጫ አላየህም? ኢህአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ጠቅልለው ወሰዱት። ከዚህስ ንጉሥ አይሻልም?»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ የምሩን ነው። እንደሱ የሚያስቡ እኩዮቻችን ጥቂት ስላልሆኑ መልሱን እዚሁ ልስጠው።

አንደኛ፣ ፊልሙን በደንብ አላየውም። የናቡዋ ንግሥት አሚዳላ የነገሠችው ተመርጣ ነው፤ ዘመኗ ሲያበቃም ወርዳለች።

ሁለተኛ፣ ይሄን ለማወቅ ኅዋ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ወደ ደጋው መውጣት ይበቃል። ጋሞ ድሮ ወደ 40 በሚጠጉ ደሬዎች ተከፍሎ ሲኖር፣ በብዙዎቹ ሁለት ዓይነት ሹም ነበረ። ካዎው ሹመቱን በትውልድ ይወርሳል፤ ዋና ሥራውም ለአገሩ መሥዋዕት ማቅረብ ነው። ሃላቃውን ግን ዱቡሻ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ይመርጠዋል። ይደግሳል፣ ያገለግላል፣ ጊዜው ሲደርስ ይወርዳል። የአገሩ ጉዳይ የሚቆረጠውም በጉባኤው ነው። ታዲያ ምርጫ የፈረንጅ የሆነው መቼ ነው?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የምኒልክ ጦር ሲመጣ በብዙ ቦታ ካዎውን ባላባት አደረገው። ለምን ቢሉ፣ ጉባኤ ከማዘዝ አንድ ሰው ማዘዝ ይቀላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ዘውዱ ከኃይለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ ደነገገ። ሕዝብ ንጉሡን የሚያወርድበት በር ግን አልተወለትም። በር የሌለው ቤት ደግሞ መውጫው ግድግዳውን ማፍረስ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ግድግዳውን ያፈረሰው ወታደር ነበር፤ የፈረሰበትንም ቦታ ለ17 ዓመት ራሱ ተቀመጠበት።

እርግጥ ዱቡሻውን አላመልከውም። ሴቶች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ቃል አልነበራቸውም። ለድግሱ የሚሆን ሀብት የሌለውም ሃላቃ መሆን ይከብደው ነበር። ይሄ ግን ዱቡሻውን ለማስፋት እንጂ ለማፍረስ ምክንያት አይሆንም። 2007ም እንደዚያው ነው፤ በሽታው የመራጩ አማራጭ ማጣት ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ እንዴት ጭራሽ አለመምረጥ ይሆናል?

መስከረም 2011ን እናስታውስ። በቡራዩ ግድያ ተቆጥቶ ለበቀል የወጣውን የአርባ ምንጭ ወጣት የመለሱት እርጥብ ሣር ይዘው የተንበረከኩ ሽማግሌዎች ናቸው። ያን ቀን የሠራው ልመና ነው፤ ዘር ቆጥሮ የታዘዘ አልነበረም።

እና ወዳጄ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ልተውልህ። ያ የምትናፍቀው ንጉሥ ክፉ ቢወጣ፣ ልጁም ከሱ ቢብስ፣ በየት በኩል ታወርደዋለህ? መልሱን ያገኘህ ቀን ጁሱ በእኔ ነው።