ቫይረሱን ከሶዶ ማሳ እንጀምር

የቫይረስ ሞለኪውላዊ ሥነ ሕይወት የሚማር ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በትምባሆ ሞዛይክና ባክቴሪያ በሚያጠቁ ቫይረሶች ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ የተሠሩት በዚያ ነውና አያስገርምም። ወላይታ ሶዶ ላይ ለሚማር ልጅ ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ በደጁ አለለት፤ የታመመ ስኳር ድንች።

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ወደ ማሳዎቹ ወጣ ብላችሁ ተመልከቱ። የታመመው ተክል ቅጠሉ ጠብቦ ተጨማዷል፣ በጅማቶቹ መካከል ገርጥቷል፣ ሐረጉም ከጤነኛው ጎረቤቱ አጠገብ ድንክ ሆኖ ቀርቷል። ሲቆፈር ለአንድ ሰው ምሳ እንኳ የሚሆን አይወጣውም። በምሥራቅ አፍሪካ ይህ በሽታ ክፉኛ ሲይዝ ከምርቱ ከግማሽ በላይ ይወስዳል።

በሽታው የሁለት ቫይረሶች ሥራ ነው፤ ሁለቱም በደቡብ ኢትዮጵያ ማሳዎች ተገኝተዋል። ፌዘሪ ሞትል የሚባለውን ክሽክሽ ያዛምተዋል። ብቻውን ከሆነ ተክሉ ይችለዋል፣ ብዙ ጊዜም ምልክት አያሳይም። ሌላው ክሎሮቲክ ስታንት ሲሆን ተሸካሚው ነጭ ዝንብ ነው። ሁለቱ በአንድ ሐረግ ላይ ሲገናኙ ግን ያ የዋህ መሳዩ ፌዘሪ ሞትል በ600 እጥፍ ገደማ እንደሚበዛ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

ለምን? ለእኔ የኮርሱ ልብ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ተክል እንደ እኛ ፀረ እንግዳ አካል አያመርትም። የቫይረሱ አርኤንኤ ሲባዛ ድርብ ክር ይፈጠራል፤ ተክሉ ክሩን ይዞ 21 እና 22 ፊደል ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከትፈዋል፣ በእነሱም እየተመራ ተመሳሳዩን አርኤንኤ እያደነ ያጠፋል። ክሎሮቲክ ስታንት ታዲያ አርኤንኤስ 3 የተባለ ፕሮቲን ያመርታል። ፕሮቲኑ እነዚያን ጠቋሚ ቁርጥራጮች እንደገና ቆርጦ 14 ፊደል አካባቢ ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ለአደን አይረቡም። እ.ኤ.አ. በ2009 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲና ፔሩ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ተመራማሪዎች የዚህን ፕሮቲን ዘረመል ብቻ ስኳር ድንች ውስጥ አስገቡ። ክሎሮቲክ ስታንት በሌለበት፣ ፌዘሪ ሞትል ብቻ ሲጨመርበት ተክሉ ያንኑ ከባድ በሽታ ታመመ። አንድ ፕሮቲን ብቻውን የተክሉን መከላከያ ሰበረ ማለት ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ስለ ቫይረስ ብዙ ነገር ተረድቷል።

ነገሩ ለወላይታ የክፍል ውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መሬት በጠበበበትና ሰው በበዛበት አገር ስኳር ድንች ሌላው እህል እስኪደርስ ቤተሰብ የሚሻገርበት ምግብ ነው። የሚተከለውም ተቆርጦ ከጎረቤት ለጎረቤት የሚተላለፍ ሐረግ ነው። ሐረጉ ከታመመ ቫይረሱ አብሮ ይሄዳል፤ ጤነኛ የሚመስለው ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል።

ተማሪው ሐረጉን ራሱ ይመርምር ስል ሪኤጀንት ውድ ነው፣ ማሽን ይበላሻል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እውነትም ነው። ይሁንና የተጠረጠረውን ሐረግ ኢፖሚያ ሴቶሳ በተባለች ተክል ላይ አዳቅሎ ቅጠሏን መከታተል ያለ ማሽን የሚሠራ የታወቀ ምርመራ ነው። ፒሲአር የተባለው የዘረመል ምርመራ ከዚያ በኋላ ለማረጋገጫ ይመጣል። የስኳር ድንች ቫይረስ ሰውን ስለማይዝ ተማሪው ያለ ፍርሃት እጁን ያፍታታል።

እጅ መፍታታቱ ደግሞ ከስኳር ድንች ያልፋል። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱ ሲረጋገጥ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ማርበርግን ተማሪ አይነካውም፤ መነካትም የለበትም። አርኤንኤ አውጥቶ፣ ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ፣ አባዝቶ ማንበብ ግን ለማርበርግም ለስኳር ድንች ቫይረስም አንድ ዓይነት ሙያ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የምንፈልገው ሙያውን አስቀድሞ በእጁ የለመደ ሰው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው። የሥነ ሕይወትና የግብርና መምህራን በእንሰት ምርምሩ ከሚታወቀው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ተነጋግረው ለመመረቂያ ጥናት ተማሪዎችን በየቀበሌው ይመድቡ፤ የሐረጎቹን ጤንነት ይመርምሩ። ውጤቱም በመደርደሪያ ላይ ከመቀመጡ በፊት ለገበሬዎቹ በወላይትኛ ይነገር፤ ያውም ሐረግ ከሚቆረጥበት ሳምንት ቀደም ብሎ። ከተተከለ በኋላ የሚደርስ ውጤት ለዚያ ዓመት አይጠቅማቸውም።