ስለሚገዛው ካሜራ የጸሐፊው አስተያየት



እንደሚታወቀው የድሮ መዝገቦቻችንን ለመገልበጥና ለልቅሶ ለሰርጉም የሚሆን አንድ ካሜራ እንዲገዛ ተወስኗል። ወጣቶቹ ሶኒ ኤ7አር5 ካልሆነ ብለው ይዘውናል። ገንዘቡ የሁላችን መዋጮ ስለሆነ እኔም የሚመስለኝን እዚህ ሰሌዳ ላይ ለጥፌያለሁ።

ዕቃው ክፉ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ 61 ሜጋፒክሰል፣ ማለት 61 ሚሊዮን ነጥብ የሚይዝ ሚረርለስ ነው። ሚረርለስ የሚሉት በድሮው ካሜራ ውስጥ ብድግ የሚለው መስተዋት የቀረለትን ነው። ለማይነቃነቅ ነገር፣ ለመዝገብ ለመሳሰለው፣ በጣም ጎበዝ ነው።

ቁጥሩ ግን አያደናግረን። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኒኮን ዜድ8 45.7 ሜጋፒክሰል ነው። 61 እና 45 ሲባል ልዩነቱ ሰማይና ምድር ይመስላል። ነጥብ ግን እንደ መሬት በካሬ ነው የሚቆጠረው። የሶኒው ምስል በወርዱ 9504 ነጥብ አለው፣ የኒኮኑ 8256። በጎን ሲለካ ብልጫው 15 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ግድግዳ ላይ በዓይኑ የሚለይ ካለ ይምጣ!

ደሞ ፍትሐት ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ካሜራ ያሳፍራል። ሶኒው ያለ ድምፅ ሲያነሳ ምስሉን ከላይ እስከ ታች የሚያነበው ቀስ ብሎ ስለሆነ የሚንቀሳቀስ ሰው ይጣመምበታል። ኒኮኑና እ.ኤ.አ. በ2024 የመጣው ካኖን አር5 ማርክ 2 ቶሎ ስለሚያነቡ ለዚህ ይሻላሉ። ዋጋቸው ሲወጡ በአሜሪካ ሶኒው ወደ 3,900፣ ኒኮኑ 4,000፣ ካኖኑ 4,300 ዶላር ነበር፤ ያውም ያለ ሌንስ! ቀረጡን እናንተው አስቡት።

ለእኛ ግን ኧረ ምን ያደርግልናል? ተዘርግቶ ኤ3 የሚያህለውን መዝገብ በ24 ሜጋፒክሰል ብናነሳው በአንድ ኢንች ከ300 ነጥብ በላይ ይወጣዋል፤ ለማንበብም ለማተምም ይበቃል። የሶኒው አንድ ምስል ሳይታመቅ ወደ 120 ሜጋባይት ስለሚሆን ሺህ ገጽ 120 ጊጋባይት ይበላል። ማስቀመጫውን ማን ይገዛዋል? ስለሆነም የእኔ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ2025 ለወጣው ኒኮን ዜድ5 2 ነው። 24.5 ሜጋፒክሰል ሲሆን በአሜሪካ በ1,700 ዶላር ገደማ ነው የወጣው። በተረፈው ከቅርብ የሚያነሳ ደህና ሌንስ፣ ማቆሚያ፣ ሁለት መብራትና ሁለት ዲስክ ይገዛ። ሁለተኛው ዲስክ ሌላ ቤት ይቀመጥ፤ አይጥና ውሃ የበሉብን መዝገብ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ለልቅሶ ከጉርድ ፎቶ የምናሳድገው የሟች ፊት የሚደበዝዘው ካሜራ አንሶን አይደለም፤ ጉርዱ ላይ የሌለውን 61 ሚሊዮን ነጥብም አያመጣውም። ካሜራው በተገዛ በሳምንቱ እናቶችና አባቶች በየደጃቸው፣ በጠዋት ብርሃን፣ በሕይወት ሳሉ ይነሱ። ለዚህ የሚዞሩ ሁለት ወጣቶች እስከ እሑድ ስማቸውን ያስመዝግቡኝ። ተቃውሞ ያለውም ጽፎ ሳጥኑ ውስጥ ይክተት።

የማኅበሩ ጸሐፊ