ሄልሜት ላይ የሚታሰር ካሜራ፦ ባልና ሚስት ተመካክረው ቢገዙት

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና በትዳር ውስጥ ስለ መደማመጥ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። ሆኖም በገፈርሳና በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ሞተር የሚነዳ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ሊያነበው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው ይህ ነው። ባል «ጉዞዬን የምቀርጽበት፣ ሄልሜቴ ላይ የማስረው ካሜራ ልግዛ» ይላል። ሚስት ደግሞ «የምን ካሜራ ነው? የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል» ትላለች። እርሱ «አልተረዳችኝም» ብሎ ያኮርፋል፤ እርሷ «ለእኔ ሕይወት ሳይሆን ለቪዲዮ ያስባል» ብላ ታዝናለች። እንግዲህ ሁለቱም ስለ ዕቃው በቂ እውቀት ሳይኖራቸው ነው የሚከራከሩት። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዕቃው እንማር፤ ከዚያ በኋላ ንግግሩ ይቀልላችኋል።

ይህ ካሜራ ከየት መጣ?

ሰዎች በተለምዶ «ጎፕሮ» እያሉ የሚጠሩት ካሜራ መሥራች ኒክ ዉድማን የሚባል አሜሪካዊ የባሕር ሞገድ ተንሸራታች ነው። ኩባንያውን በ2002 እ.ኤ.አ. አቋቋመ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ካሜራ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰርና በፊልም የሚሠራ ነበር። ዛሬ ጎፕሮ ብቻውን አይደለም። ዲጄአይ «ኦስሞ አክሽን» የሚባለውን ይሠራል፤ ኢንስታ360 ደግሞ ዙሪያውን በአንድ ጊዜ የሚቀርጹ ካሜራዎችን ያቀርባል።

በ2007 እ.ኤ.አ. ኢዋን ማክግሪገርና ቻርሊ ቦርማን የተባሉ ሁለት ተዋንያን ከስኮትላንድ ተነሥተው በሞተር ብስክሌት እስከ ኬፕታውን ሲጓዙ አገራችንን አቋርጠው አልፈዋል። ጉዞው በቴሌቪዥን ተላልፏል። ብዙ ወጣቶች እንዲህ ያለውን ፊልም አይተው «እኔም እችላለሁ» ይላሉ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከተዋንያኑ ጋር ክላውዲዮ ፎን ፕላንታ የተባለ ባለሙያ ካሜራ ማን በራሱ ሞተር አብሮ ይጓዝ ነበር፤ ደጋፊ መኪናዎችም ነበሩ። ያ ውበት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ብቻውን የሚነዳ ሰው ያን የመሰለ ፊልም ለማውጣት ሲል መንገድ ላይ ሐሳቡን ቢከፍል የሚከፍለው ዋጋ ከባድ ነው።

አስቀድሞ ሄልሜቱ

እህቴ ሆይ፣ ባልሽ «ካሜራ» ሲልሽ አስቀድመሽ «ሄልሜትህን አሳየኝ» በዪው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ እንዳሳየው፣ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን የሚያደርገው ግን በልኩ የሆነና ማሰሪያው በአገጭ ሥር የታሰረ ሄልሜት ነው። መሪው ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ለማንም አይበጅም።

ጎፕሮ ሂሮ 13 በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 399 ዶላር ነበር። በአገራችን የውጭ ምንዛሪ አሠራር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ በመለወጡ፣ ዕቃው በብር ስንት እንደሚያወጣ በምትገዙበት ሳምንት መጠየቅ ይሻላል። በዚያ ላይ ሚሞሪ ካርድ፣ ትርፍ ባትሪና ማሰሪያ አለ። ስለዚህ ቤተሰቡ የካሜራውን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ድምር ጽፎ ይወያይ። ሄልሜቱ ያረጀ፣ ወድቆ የተሰነጠቀ ወይም ለራስ የሰፋ ከሆነ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ሄልሜቱ ይሂድ። ካሜራው ይደርሳል።

የት ይታሰር?

ብዙዎች ካሜራውን በሄልሜቱ አናት ላይ ያቆሙታል። ይህ ቦታ ሦስት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ነፋስ እየገፋው አንገትን ያደክማል። ሁለተኛ፣ ምስሉ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ነጂው የሚያየውን አያሳይም። ሦስተኛና ዋነኛው፣ በውድቀት ጊዜ ወጣ ያለ ጠንካራ ነገር መሬት ወይም ቅርንጫፍ ይዞ ራስን ሊጠመዝዝ ይችላል። ታዋቂው የመኪና ተወዳዳሪ ሚካኤል ሹማኸር በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. በበረዶ መንሸራተት ላይ ሳለ ሲጎዳ ሄልሜቱ ላይ ካሜራ ነበረው። ካሜራው ጉዳቱን አባብሶት ይሆን ተብሎ ብዙ ተወርቷል፤ ነገሩ ግን አልተረጋገጠም። 22.06 በሚባለው የአውሮፓ የሄልሜት መመዘኛ አምራቹ ራሱ ለሄልሜቱ ያዘጋጃቸው ተጨማሪ ዕቃዎች አብረው ይፈተናሉ፤ እኛ ከገበያ ገዝተን የምናጣብቀው ካሜራ ግን በዚያ ፈተና ውስጥ የለም። ይህን አውቀን ነው መወሰን ያለብን።

የተሻለው ቦታ አገጭ ነው። ፊትን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን ሄልሜት ላይ፣ በአገጩ በኩል የሚጣበቅ ማሰሪያ ምስሉን ከዓይን ብዙም ሳያርቅ ይይዛል፤ መሪውንም መንገዱንም ያሳያል። የሚጣበቅበት ቦታ በደንብ ተጠርጎ ይድረቅ፤ ከተለጠፈ በኋላም አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ ይቆይ። ካሜራው ቢላቀቅ እንዳይወድቅ ቀጭን ገመድ ይታሰርለት። ሄልሜቱን ግን በፍጹም አትብሱት፤ የተበሳ ሄልሜት ጥንካሬውን ያጣል።

«ካሜራ ከምንገዛ ስልኬን መሪው ላይ ባስረውስ?» የሚሉ አሉ። አፕል ኩባንያ ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. ኃይለኛ የሞተር ብስክሌት ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊያበላሽ እንደሚችል ለደንበኞቹ አስጠንቅቋል። በስልኩ ውስጥ ምስልን የሚያረጋጉ ረቂቅ ክፍሎች ስላሉ ንዝረቱ እነርሱን ይጎዳቸዋል።

ሲገዛ ምን ይታይ?

1. ምስል ማረጋጋት። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ከአስፋልት ወጥታችሁ ኮረኮንች ስትገቡ ይህ ችሎታ የሌለው ካሜራ የሚቀርጸው ምስል ዓይን ያማል። ጎፕሮ ጥሩ የማረጋጊያ ዘዴ ያመጣው በ2018 እ.ኤ.አ. በሂሮ 7 ብላክ ስለሆነ፣ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ከዚያ ወዲህ የተሠራውን ምረጡ። በ2024 እ.ኤ.አ. በ199 ዶላር የወጣው ትንሹ ሂሮ ክብደቱ 86 ግራም ብቻ ነው፤ ለአንገት ቀላል ነው። ነገር ግን ባትሪው አይወጣም፤ ምስሉም የሚረጋጋው በኋላ በስልክ ነው።

2. ባትሪ። በብዙ ካሜራዎች፣ እንደ ምስሉ ጥራት አንድ ባትሪ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሠራል። ገፈርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ሥፍራ ናት፤ ብርድ ደግሞ የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። ከገፈርሳ በሆለታ አድርጎ አምቦ ለሚሄድ፣ ያውም መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ መንገድ፣ ሁለት ባትሪ ይያዝ፤ ትርፉ በልብስ ውስጥ ሞቆ ይቀመጥ።

3. ሚሞሪ ካርድ። «ፎር ኬ» የሚባለው ከፍተኛ ጥራት በሴኮንድ 60 ሜጋቢት ቢቀረጽ በሰዓት 27 ጊጋባይት ይሞላል። ስለዚህ 64 ጊጋባይት ካርድ የሚበቃው ለ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ነው። ለቤተሰብ ማስታወሻ «ፉል ኤችዲ» ይበቃል፤ ቦታውም ግማሽ ያህል ነው። ካርዱ ላይ «ቪ30» የሚል ምልክት ፈልጉ። በገበያ ላይ መጠኑ በሐሰት የተጻፈበት ካርድ ስለሚያጋጥም፣ ከጉዞ በፊት ቤት ውስጥ እስኪሞላ ቀርጻችሁ ሁሉም መከፈቱን አረጋግጡ።

4. ዝናብና ጉም። ጎፕሮ ሂሮ 13 ያለ ተጨማሪ ሽፋን 10 ሜትር፣ ኦስሞ አክሽን 5 ፕሮ ደግሞ 20 ሜትር ውኃ ውስጥ ይገባሉ። ይህ የሚሆነው ግን የባትሪው በር ሲዘጋ ብቻ ነው። በክረምት ቻርጅ እያደረጉ ሲነዱ በሩ ክፍት ስለሚሆን ዝናብ ይገባበታል።

5. ድምፅ። በነፋስ መካከል የካሜራው ማይክ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። መናገር የሚፈልግ ሰው በሄልሜቱ ውስጥ፣ ከአፉ አጠገብ የሚቀመጥ ትንሽ ማይክ የሚቀበል ካሜራ መሆኑን ይጠይቅ።

6. ያገለገለ ዕቃ። ባትሪው ያበጠ፣ መስተዋቱ የተጫረ አትግዙ። ዲጄአይ ካሜራ መጀመሪያ ሲከፈት በስልክ አማካይነት መመዝገብ ስላለበት፣ ሻጩ ፊታችሁ ከፍቶ ቀርጾ ያሳያችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የካሜራውን ሰዓትና ቀን በትክክል ሙሉ። አደጋ ቢደርስ ቪዲዮው ማስረጃ ሊሆን ይችላልና፣ ካሜራው ላይ 8 ሰዓት የሚለው የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት መሆኑን፣ ቀኑም የፈረንጅ መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ።

የሰው ፊት የሰው ነው

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ እንደማይቻል ይደነግጋል። በአደባባይ የተፈጸሙ ሁነቶችንና የመሳሰሉትን የሚመለከት ልዩ ሁኔታ በአንቀጽ 28 አለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። በመሆኑም መንገዱን መቅረጽ ሌላ፣ ውኃ ቀድታ የምትመለስን እናት አስቁሞ ፊቷን ቀርጾ ለሺህ ሰው ማሳየት ሌላ ነው። የገፈርሳ ግድብ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥበቃ የሚደረግለት ሥፍራ ስትደርሱ ካሜራውን ከማብራታችሁ በፊት ጠይቁ።

በሞተር ወደ ገጠር ለአገልግሎት የምትወጡ ወንድሞቼ ሆይ፣ ይህ ለእናንተ ይበልጥ ይሠራል። ልቅሶ ቤት ስትገቡ፣ የታመመ ሰው ስትጠይቁ፣ ወይም ልቡ የተሰበረ ሰው ሊያዋያችሁ ሲቀርብ ካሜራ ያለበትን ሄልሜት ውጪ ተዉት። ያ ሰው የመጣው እንባውን ሊያፈስስ እንጂ ሊቀረጽ አይደለም። አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

በመካከላችሁ ውል ይኑር

ካሜራ ያለው ሰው ሳያስበው ለተመልካች መንዳት ሊጀምር ይችላል። ከዚህም የሚብስ ወጥመድ አለ። የእነዚህ ካሜራዎች መስተዋት ሰፊ ስለሚያይ ቁልቁለቱን ሜዳ ያስመስለዋል፤ ከፊት ያለውንም መኪና ያርቀዋል። ነጂው ቤት ገብቶ ሲያየው «ይህማ ምንም አይደለም» ይላል፤ በሚቀጥለው ቀን ጨምሮ ይነዳል። ስለዚህ ካሜራው ከመገዛቱ በፊት ባልና ሚስት በእነዚህ ነገሮች ይስማሙ፦

ካሜራው የሚበራው ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ የሚጠፋው ከቆመ በኋላ ይሁን፤ በመንገድ ላይ እጅ አይነካው። ለቪዲዮ ተብሎ ፍጥነት አይጨመር፤ ከገልባጭ መኪናም ጋር አይሽቀዳደሙ። ከኋላ ሰው በተጫነ ጊዜ ሐሳብ ሁሉ በመንገዱ ላይ ይሁን፤ የተጫነውም ሰው ሄልሜት ይኑረው። በወር አንድ ምሽት ደግሞ ቪዲዮውን አብራችሁ ተመልከቱት።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የሚጠቅም ይመስለኛል። እህቴ፣ ባልሽ በየቀኑ የሚያልፍበትን መንገድ በእርሱ ዓይን አይተሽ አታውቂም። ከቡራዩ መውጫ ከብቱ ሲያቋርጥ፣ ታክሲው ሳያሳይ ሲቆም፣ ጉሙ ገፈርሳን ሲሸፍናት ስታዪ፣ «ለምን ዘገየህ?» የሚለው ጥያቄሽ ይለዝባል። ወንድሜ ሆይ፣ አንተም ከፊትህ ላለው መኪና ምን ያህል እንደተጠጋህ ሚስትህ አጠገብህ ተቀምጣ እስትንፋሷን ስትይዝ ታያለህ። ያን ጊዜ መካሪ አያስፈልግህም። እርሷም እንደ ትራፊክ ፖሊስ ልትቀጣህ አይደለም የምታየው፤ በሰላም እንድትመለስላት ስለምትፈልግ ነው።

እንግዲህ ሄልሜቱ ደኅና ከሆነ፣ የወሩ ወጪ ከተሸፈነ፣ ውሉም ከጸና፣ ግዙት፤ ልጆቻችሁ ወደፊት የአባታቸውን መንገድ ያዩበታል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን ጥቂት ታገሡ። መንገዱ የትም አይሄድም።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።