ስለ ተከፈለበት ምስጋና

በካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ያመሸ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ወደ አንዱ እንግዳ ጠጋ ብሎ ደግነቱንና የአባቱን ጀግንነት ሲያወድስ፣ ተወዳሹ ብር አውጥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፍለታል። ምስጋናው የተከፈለበት መሆኑን የማያይ ስለሌለ፣ የሚሥቀውም የሚያጨበጭበውም ይህንኑ ዐውቆ ነው። ማንም አልተታለለም። በማዶ የተቀመጠውም ሰው ያንን ዘፈን ብቻ አምኖ ለተወደሰው ገንዘብ አያበድርም።

በአሁኑ ጊዜ በንግዱ ዓለም እየተስፋፋ የመጣው ምስጋና ግን ብሩ ከግንባር ወርዶ ወደ ኪስ የገባበት ነው።

ከካዛንቺስ ቁልቁል ወርዶ በማለዳ መስቀል አደባባይ የሚደርስ ሰው፣ በየእርከኑ ላይ የሚሮጡትን ብዙ ሰዎች ያያል። አብዛኞቹ የሚሮጡት ለጤናቸውና ለደስታቸው እንጂ ለሽልማት አይደለም። እነዚህ ሰዎች በዚያው በሩጫው ላይ፣ ከዚያም በኋላ በቴሌግራም፣ የትኛው ጫማ እንደሚበረታና ከየትኛው ሱቅ እንደሚገዛ ይመካከራሉ። አዲስ ጀማሪ ባለ ሱቁን ከመጠየቁ በፊት በዚያ ጫማ ብዙ ጊዜ የሮጠውን ጓደኛውን ይጠይቃል። የሚያምነውም ጓደኛው ከጫማው ሽያጭ የሚያገኘው ጥቅም የለም ብሎ ስለሚያስብ ነው።

ይህን የተረዳ ነጋዴ ከሯጮቹ መካከል የተከበረውን መርጦ አንድ ጥንድ ጫማ በነፃ ይሰጠዋል፤ ለሚልክለትም ገዢ ሁሉ ጥቂት ብር ይቈርጥለታል፤ በመጨረሻም «ይህ ነገር በእኔና በአንተ መካከል ይቅር» ይለዋል። ስሕተቱ በዚህች በመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። ስጦታው ነውር የለበትም፤ ኮሚሽኑም ቢሆን ደላላ ሁሉ የሚበላው ነው፤ ደላላ ግን ደላላነቱ ይታወቃል። በምስጢር የተገዛው የሯጮቹ እርስ በርስ መተማመን ስለሆነ፣ ያ ሰው ብቻውን ሊሸጠው የሚችል ንብረት አልነበረም።

ጫማው በሁለት ወር ሶሉ ቢለቅ፣ ገዢው መጀመሪያ የሚወቅሰው ጓደኛውን ነው። ምስጢሩ ሲወጣም ከዚያ በኋላ በማኅበሩ ውስጥ የሚነገረው ምክር ሁሉ ይጠረጠራል፤ ምንም ሳይከፍል ስለ ዕቃው ጥራት ብቻ የተመሰገነው ጎረቤት ባለ ሱቅም አብሮ ይጎዳል። ላኪዎች ይህን ከሌሎች ይልቅ ይረዱታል፤ ቡና ቀማሹ ከሻጩ ገንዘብ መቀበሉ ቢታወቅ፣ የቅምሻው ውጤት በገዢው ዘንድ ምን ዋጋ ይኖረዋል?

በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በተካሄደው መልሶ ማልማት ብዙ ባለ ሱቆች ከቦታቸው ተነሥተዋል። ደንበኛ በበራቸው ሲያልፍ አይቶ ይገባላቸው የነበሩት፣ ዛሬ የሚገኙት ስማቸው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ምስጋና ለመግዛት ቢፈተን አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ከሌሎች ይልቅ የሚያጣውም እርሱ ነው፤ በሩን አጥቷልና የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

«ሰውየው ጫማውን ከልቡ የወደደው ከሆነ፣ በነፃ ማግኘቱ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ከልቡ ከወደደውስ መናገሩ ምን ይጎዳዋል? ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለውድድሩ ገንዘብ ያወጡ ድርጅቶች ስማቸውን በካናቴራ ላይ አሳትመው በሺህ የሚቈጠሩ ሯጮች ለብሰውት ታይተዋል፤ በዚህም የተከፋ ሯጭ አልተሰማም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759ም ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ደንግጓል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በ2009 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ፣ ዕቃ ወይም ገንዘብ ተቀብሎ የሚያመሰግን ሰው መቀበሉን እንዲገልጽ አሳስቧል።

ስለዚህ ለናሙና ጫማ የሚያድል አስመጪ ናሙናው ለማን እንደ ደረሰ ባለ ሱቁን ቢጠይቅ መልካም ነው። ባለ ሱቁም ወጪውን በማስታወቂያ ሒሳብ መዝግቦ፣ ተቀባዩ መቀበሉን በንግግሩ መጀመሪያ ላይ እንዲያስታውቅና የጫማውን ጉድለት ለመናገር ነፃ እንዲሆን በጽሑፍ ቢስማማ፣ ወረቀቱ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ተቀባዩም ለጓደኞቹ እንዲህ ይላል፦ «ጫማውን ከሱቁ በነፃ ተቀብያለሁ፤ ሦስት ወር ሮጬበታለሁ፤ ለእግር ይመቻል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ያንሸራትታል።» ባለ ሱቁ ይህን ሲሰማ የማያንሸራትተውን ሌላ ጫማ አምጥቶ ከጎኑ ሊያቆም ይችላል።