«አንገቴ ንጹህ ነው ተብያለሁ፤ ኪኒኑን ላቁም?»

ውጭ አገር ልጆቻቸውን ጠይቀው የሚመለሱ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ አለ። «የአንገቴ ደም ስር በአልትራሳውንድ ታይቶ ንጹህ ነው ተብያለሁ፤ የግፊት ኪኒኑን ላቁም?» ይላሉ። አያቁሙ።

ስትሮክ የሚከሰተው ለአንጎል ደም የሚያደርስ የደም ስር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። የደም ስሩ የሚጠብበት ቦታ ግን በሁሉም ሕዝብ ዘንድ አንድ አይደለም። የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ስቡ አዘውትሮ የሚከማቸው አንገት ላይ፣ የደም ስሩ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ነው። በቻይናና በሌሎች የምሥራቅ እስያ አገሮች ግን ራስ ቅል ውስጥ ያሉት የደም ስሮች መጥበብ ከዋነኞቹ የስትሮክ መንስኤዎች አንዱ ነው። በኒውዮርክ፣ ሰሜን ማንሃተን የተካሄደ ጥናትም ይኸው የውስጠኛው ዓይነት ከነጮች ይልቅ በጥቁሮችና በላቲን አሜሪካ ተወላጆች ላይ እንደሚበዛ አሳይቷል። ስለዚህ የአንገት ንጽህና ስለ ራስ ቅሉ ውስጥ ምንም አይነግረንም።

የአንገቱ ጥበት በቀዶ ሕክምና ሊጠረግ ይችላል። የውስጠኛው እንዲህ አይቀልም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ይፋ በሆነ ጥናት፣ በስቴንት ከተከፈተላቸው ሕሙማን 14.7 በመቶው በ30 ቀን ውስጥ ስትሮክ ወይም ሞት ደርሶባቸዋል፤ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ግን 5.8 በመቶው ናቸው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ተገርሜ ነበር፤ የተዘጋን መክፈት ሁልጊዜ የሚጠቅም ይመስለኝ ነበርና።

«እንግዲያው ዘራችን ነው» ብሎ እጅ መስጠትም አያዋጣም። በጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1980 ቀዳሚው የሞት ምክንያት ስትሮክ ነበር። ሕዝቡ ጨው ቀነሰ፣ ግፊቱን እየተለካ ታከመ፤ ሞቱም በእጅጉ ወረደ። ዘሩ ግን ያው ነው። በናይጄሪያና በጋና የተካሄደ ትልቅ ጥናትም ከሁሉም በላይ አጉልቶ ያወጣው የደም ግፊትን ነው።

ግፊታችሁ በተደጋጋሚ ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያነጋግሩ። ኪኒን ጀምራችሁ ግፊቱ ቢወርድ ኪኒኑ እየሠራ ነው ማለት እንጂ ድናችኋል ማለት አይደለም። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ የሚገባውን ጨውም ቁጠሩት፤ ወጡ ላይ እንደገና እንጨምራለንና።

የአንድ ሰው ፊት በድንገት ቢጣመም፣ አንድ እጁ ቢዝል ወይም አንደበቱ ቢተሳሰር ውሃም ምግብም ሳትሰጡ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ለሐኪሙ ንገሩ።